ቡና ከተለቀመ በኋላ

እናንተ፣ ሽማግሌ ተልኮባችሁ ያውቃል? በጠዋት ደጃችሁ ላይ ጋቢ ደርበው፣ ጃንጥላ ዘርግተው፣ «ጉዳይ ይዘን ነው» ብለው የቆሙ ሦስት ትልልቅ ሰዎች አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ ሴት ልጅ ውለዱና አሳድጉ፤ ሌላ መንገድ የለውም። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ደጄ ላይ ሰው የቆመው ወይ የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ፣ ወይ የጠፋች ዶሮውን ፍለጋ ነበር።

መጀመሪያ ሥራዬን ልንገራችሁ። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ እንጂ ዕድሜዬን የጨረስኩት መቱ መናኸሪያ ትኬት ስቆርጥ ነው። ትኬት ቆራጭ ሲባል ትኬት የሚሸጥ ሰው ይመስላችኋል። አይደለም። ትኬት ቆራጭ ማለት ትኬት ማለቁን የሚናገር ሰው ነው። በዚያች ጠባብ መስኮት «ሞልቷል፤ ነገ ኑ» እያልኩ፣ አማርኛ ለማይሰማው ደግሞ «ቦሩ ኮታ» እያልኩ፣ ከቡሬ እስከ ሁሩሙ ወደ ማግስቱ ያላስተላለፍኩት ሰው የለም። በኢሉባቦር ምድር የእኔን ያህል ሕዝብ ወደ ነገ የላከ ሰው ካለ ይምጣና እንወዳደር። ዛሬ ባይመቸው ሳምንት ይምጣ።

ታዲያ ይህ ነገር በመስኮቱ በኩል ብቻ አልቀረም፤ ቤቴም ገባ። ጥርሴን አሞኝ ለማስነቀል ቀጠሮ ያዝኩ፤ አራዘምኩት። ደግሞ ያዝኩ፤ ደግሞ አራዘምኩት። በመጨረሻ ጥርሱ ታክቶት በራሱ ጊዜ ወለቀ። ሐኪሙ ደስ አላለውም። እኔ ግን ኮራሁ፤ ሰውየው ሊሠራው የነበረውን ሥራ ሳልነሣ ሳልቀመጥ ጨረስኩታ!

እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ደጅ ላይ ነው ሽማግሌ የቆመው።

ወሩ ሰኔ ነው። የመቱን ሰኔ ለማያውቅ ሰው ዝናብ ይጥላል ብሎ መንገር አይበቃም። መቱ ላይ ዝናብ አይጥልም፤ ይኖራል። ሲያባራ ነው ሰው ቀና ብሎ «ምን ሆነ?» የሚለው። በዚያ ዝናብ ውስጥ፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ፣ ሦስት ሰዎች በረንዳዬ ላይ ተደርድረዋል። አንደኛው ከሁሩሙ የመጣው ኦቦ ዲንቃ ነው፤ ቀፎ ሰቃይ፣ ማር ነጋዴ፣ ሲናገር እያንዳንዱን ቃል እንደ ማር አንጥሮ የሚያወጣ። ሁለተኛው እዚሁ መቱ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጠው ስልጤው ጋሼ ሙደሲር ነው። ሦስተኛው ሽማግሌ አቶ ጎበና ይባላል፤ እሱ አይናገርም፤ ለጺሙ ነው የመጣው። እውነቴን ነው፤ እንዲያ ያለ ነጭ ጺም ይዞ የመጣ ሽምግልና ግማሽ መንገዱን ሄዷል።

«ግቡ» አልኩ።

«ገብተናል» አለ ዲንቃ፣ በረንዳውን በዓይኑ እያሳየ።

«እንግዲያው ተቀመጡ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «አባ ሌሊሴ፣ ልጅ ልንሆን፣ ልጅም ልንሰጥ መጥተናል። ልጅዎን ሌሊሴን ለልጃችን ለኢብሳ ይስጡልን።»

ኢብሳን አውቀዋለሁ። ቡሬ የሚያስተምር፣ ቅዳሜና እሑድ መቱ ሲመጣ ሙደሲር ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚያድር፣ ሰላምታ ሲሰጥ ኮፍያውን የሚያወልቅ ልጅ ነው። ልጄ ሌሊሴ አጸደ ሕፃናት ታስተምራለች። ሁለቱ እንደሚዋደዱ የማያውቅ ሰው በከተማው ውስጥ ቢኖር አቶ ጎበና ብቻ ነው፤ እሱም ያውቅ ይሆናል፤ ስለማይናገር ነው። እኔማ ሰጥቻታለሁ፤ በልቤ ከሰጠኋት ዓመት አልፎኛል።

ነገር ግን ወግ አለ። ሽማግሌ ገና ሲመጣ «እሺ» አይባልም። በመጀመሪያው ቀን እሺ የተባለላት ልጅ ቤት ውስጥ የከበደች፣ «እስክትወስዷት ስንጠብቃችሁ ነበር» የተባለላት ትመስላለች። ስለዚህ የሴት አባት ኮስተር ይልና ይቀጥራል። ይህ ግዴታ ነው። እኔም ኮስተር አልኩ። እንዴት ያለ መኮሳተር መሰላችሁ! ከመናኸሪያው ከወጣሁ ጀምሮ ሥራ ያጣው ፊቴ በሙሉ ተሰለፈ።

«ሰምተናል» አልኩ። «ከቤተሰብ መማከር አለብን። የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ።»

ሦስቱም ጎንበስ ብለው ወጡ። ሳይቀመጡ፣ ውኃ ሳይቀምሱ፣ በዚያ ዝናብ! ጋቢያቸው ከኋላ ጭቃ እየጠረገ ሲሄዱ በመስኮት አየኋቸው። ለካ ሰው ወደ ነገ ሲላክ ጎንበስ ብሎ አመስግኖ የሚሄድበት አገርም አለ! ዕድሜ ልኬን ወደ ነገ ስልከው የኖርኩት ሕዝብ እየተሳደበ ነበር የሚሄደው።

ከዚያ ቀን ወዲህ መቱ ሌላ ከተማ ሆነችብኝ። ሻይ ቤት ስገባ ወንበር ይለቀቅልኛል። «የሌሊሴ አባት፣ ሽማግሌ ተልኮባቸው» ይባላል ከኋላዬ። ሥጋ ቤት ስሄድ ሥጋ ቆራጩ አጥንቱን ቀንሶ «መቼ ነው ታዲያ?» ይለኛል፤ እኔም ጣቴን ወደ ሰማይ አነሣና «በእሱ እጅ ነው» እላለሁ፣ በእኔ እጅ መሆኑን እኔም እሱም ብናውቅም። ፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር በጆሮዬ ላይ የበቀለውን ሳልነግረው ቆረጠልኝ። ሰው ሲፈልግህ እንዴት ታምራለህ!

ሁለት ሳምንቱ ደረሰና መጡ። ሁለተኛ ጊዜ መቅጠር ይፈቀዳል፤ ግዴታ ግን አይደለም። ባለቤቴ አስናቀች ከጓዳ ሆና ሳል ብላ ምልክት ሰጠችኝ፤ ሳሏ «በቃ እሺ በል» የሚል ሳል ነበር። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ኖሬ ሳሏን እንዴት አላውቅም? አወቅኩት። ግን አፌ በራሱ ጊዜ ተከፈተ።

«ወንድሜ ጎሬ አለ» አልኩ። «ታላቄ ነው። ሳላማክረው ብወስን ይቀየመኛል።»

«ልክ ነው» አለ ዲንቃ። «ወንድም ይማከራል።»

«ይማከራል እንጂ!» አለ ሙደሲር።

ለነሐሴ መጀመሪያ ተቀጠሩ፤ ጎበና ጺሙን ዳበሰ። ሄዱ።

አስናቀች ከጓዳ ወጣች። «የጎሬ ወንድምህ?» አለችኝ። «አንተና እሱ ስለ ምን ተማክራችሁ ታውቃላችሁ? ባለፈው ላሙ ስትሸጥ እንኳን ሰምቼ የነገርኩህ እኔ ነኝ።»

«አሁን እንጀምራለን» አልኳት።

ጎሬ ለመሄድ ወሰንኩ። ማክሰኞ ልሄድ አልኩ፤ ዝናብ ነበር። ሐሙስ ልሄድ አልኩ፤ ዝናቡ እንዳለ ነው። መቱ ዝናብ ሲያባራ እሄዳለሁ ያለ ሰው ጎሬን አያያትም። እንዲሁ ስል ሐምሌ አለቀ፤ የሽማግሌዎቹም ቀን ደረሰ።

ሦስተኛው ቀን እሺ የሚባልበት ቀን ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። እንዲያውም ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ቤት ውስጥ በመስታወት ፊት ተለማምጄዋለሁ። ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ቆሙ፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ልጀምር ስል ዲንቃ ቀደመኝ።

«ወንድምዎ ምን አሉ?»

ይህ ጥያቄ ንግግሬ ውስጥ አልነበረም። ወንድሜን እንዳላማከርኩ ብናገር ክብሬ ወደቀ። «እሺ ብሏል» ብል ደግሞ የሚያልቅ ነገር ነበር፤ አሁን ሳስበው አንዲት ቃል ናት። ግን የለመደ አፍ ምን ታደርጉታላችሁ?

«ወንድሜ፣» አልኩ፣ «ቡና ይለቀምና ብሏል።»

ራሴው ደነገጥኩ። ዲንቃም ፊቱ ላይ የሆነ ነገር አለፈ። ነሐሴ ገና መጀመሩ ነው፤ ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት በኋላ ነው።

«ቡና ከተለቀመ በኋላ» አለ ዲንቃ ቀስ ብሎ፣ ቃሉን እንደሚመዝን ሰው። «ቶሌ። እሺ። የሰጡንን ቀን እናከብራለን።»

ሄዱ። ያን ዕለት ግን ጎንበስ አላሉም።

ከሰዓት በኋላ ሌሊሴ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። «አባዬ፣» አለች፣ «ኢብሳ ለትምህርት ባሕር ዳር ደርሶታል። ከመስቀል በኋላ መሄድ አለበት።»

«ይሂዳ! ትምህርት ጥሩ ነው።»

«ያለ ቃል አልሄድም ብሏል። አንተ እሺ ካልክ ቀለበት አስሮ ይሄዳል፤ ጥር ላይ መጥቶ ሠርግ ይሆናል። እሺ ካላልክ ይቀራል። ከቀረ ደግሞ ዕድሉን ለሌላ ሰው ይሰጡበታል። አባዬ፣ በእኔ ምክንያት ቀርቶ እንዴት አብሬው እኖራለሁ? ሄዶም ቢሆን፣ ቃል ያልሰጡትን ልጅ ማን ይጠብቃል?»

«ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«ሴት ልጅ አባቷን 'ቶሎ በለኝ' ትለዋለች እንዴ?»

ጓዳ ውስጥ አስናቀች ድስት አስቀመጠች፤ ድስቱን ያስቀመጠችበት ድምፅ ለእኔ እንደሆነ ገባኝ።

እንግዲህ ለማስተካከል ተነሣሁ። ሰው ያጠፋውን ያቀናል፤ እኔ ደግሞ የማላቀናው ነገር የለም። ግን ወዳጆቼ፣ አንድ ነገር ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው፤ በወጋችን ቀጠሮ ማራዘሚያ መቶ መንገድ አለ፣ ማሳጠሪያ ግን አንድም የለም። የሴት አባት ሽማግሌ አይጠራም። ስልክ ነበረኝ፤ የዲንቃም ቁጥር ነበረኝ። ደውዬ ምን ልበል? «ኑና ልጄን ውሰዱልኝ» ልበል? እንኳን የሌሊሴ አባት፣ እሷን የማያውቅ ሰውም እንዲህ አይልም።

ስለዚህ በዘዴ። መጀመሪያ ሙደሲር ሱቅ ሄድኩ።

«ጋሼ ሙደሲር፣ ገበያው እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«እኔ ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ቤት ነኝ።»

«ቤት መሆን ጥሩ ነው» አለ።

«ቅዳሜ ጠዋትም ቤት ነኝ።»

«ይሁን።»

«እሑድም!»

ሙደሲር ሜትሩን አስቀምጦ እግሬን አየ። «እግርዎን አሞዎታል እንዴ ጋሼ?»

መጋረጃ የሚሆን ጨርቅ ሦስት ሜትር ገዝቼ ወጣሁ። ለዚያ መጋረጃ የሚሆን መስኮት ቤታችን ውስጥ አልነበረም። አስናቀች እስከ ዛሬ አልጋ ልብስ ታደርገዋለች።

ሁለተኛ፣ በገበያ ቀን ሁሩሙ ሄድኩ። ዲንቃ ማር ተራ ቅል ደርድሮ ተቀምጧል። በአጋጣሚ ያገኘሁት መሰልኩ። ከመቱ ድረስ በሚኒባስ ተጭኖ፣ በጭቃ ተንሸራትቶ፣ በአጋጣሚ!

«ኦቦ ዲንቃ! ማር ለመግዛት ነው የመጣሁት።»

«መቱ ማር ጠፋ?»

«የሁሩሙ ይሻላል ብዬ ነው። ... ዘንድሮ ቡና ቶሎ ይደርሳል ይላሉ።»

ዲንቃ ቀና ብሎ ኮረብታውን አየ፤ ሰማዩን አየ። «ዘንድሮ ዝናቡ ስለበዛ ይዘገያል» አለ። ይህን ያለው ዕድሜውን በቡና ጥላ ሥር የኖረ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በመስኮት ሥር። ምን ብዬ እከራከረዋለሁ?

«አይ፣ ማለቴ፣ ቀኑ ይቅረብልን ብትሉ እኮ...»

«ሽማግሌ የተሰጠውን ቀን አያሳጥርም» አለኝ በትሕትና። «ቸኩለን ብንመጣ የእርስዎን ቃል የናቅን ይመስላል። ወንድምዎስ ምን ይላሉ?»

ወንድሜ! ጎሬ ተቀምጦ ምንም የማያውቀው ወንድሜ የልጄን ሠርግ እየከለከለ ነው። ማሩን ተሸክሜ ተመለስኩ።

መስከረም ገባ። ሌሊሴ ከሥራ ስትመጣ ልጆቹ ስላደረጉት ነገር ማውራት ትታለች። ኢብሳ ሰላምታ ሲሰጠኝ ኮፍያውን ያወልቃል፣ ግን ዓይኑን አያነሣም። ቀኑ እየሄደ ነው። ያን ጊዜ ነው ሐሳብ የመጣልኝ። ሐሳብ ከመጣልኝ ደግሞ አስናቀች ቤት ውስጥ ያለውን ስለት ሁሉ ትደብቃለች፤ እንደዚያ ያለ ሰው ነኝ።

ያልነው ምንድን ነው? «ቡና ከተለቀመ በኋላ።» የማን ቡና? አልተባለም። ከቤቴ ጓሮ ደግሞ ጥቂት የቡና እግሮች አሉ፤ የእኔ ናቸው። ታዲያ የእኔ ቡና ከተለቀመ ቀኑ ደረሰ ማለት አይደለም?

በማግስቱ ጠዋት ዘንቢል አንጠልጥዬ ጓሮ ገባሁና ለቀማ ጀመርኩ። ቡናው ጥሬ ነው፤ እንደ ቅጠሉ ያለ አረንጓዴ። ጥሬ ቡና ደግሞ በቀላሉ ከእንጨቱ አይለቅም፤ ትጎትተዋለህ፣ ቅርንጫፉ አብሮ ይመጣል፣ ሲለቀቅ ፊትህን በጤዛ ይመታሃል።

አስናቀች በጓሮው በር ብቅ አለች። «አንተ ሰውዬ! ምን እያደረግህ ነው?»

«ቡና እየለቀምኩ።»

«ጥሬ ነው እኮ!»

«ሲሰጣ ይበስላል።»

እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። ይህን ነገር ሌላ አገር ያለ ሰው አይረዳኝም። ኢሉባቦር ውስጥ ሰው ሰክሮ መንገድ ላይ ቢተኛ ይሸፈናል፣ ቢሳደብ ይታለፋል። ጥሬ ቡና የለቀመ ሰው ግን... ምን ይባላል? ስም የለውም፤ ከእኔ በፊት ያደረገው ስላልነበረ።

ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ በአጥሩ በኩል አየችኝ። ወሬውን እንድታደርስልኝ ብዬ ዘንቢሉን ከፍ አድርጌ «እትዬ ብርቄ! ቡናዬን ለቅሜ ጨረስኩ! ለሰው ሁሉ ንገሩልኝ፤ ጨርሷል በሉ!» ብዬ ጮኽኩ።

ዘንቢሉን አየች። እኔን አየች። «እግዜር ይማርዎት» አለችና ቀስ ብላ ወደ ኋላዋ ተመለሰች፣ ጀርባዋን ሳትሰጠኝ።

ወሬው ደረሰ። እኔ እንዳሰብኩት ግን አልደረሰም። ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤት ስገባ እንደ በፊቱ ወንበር ተለቀቀልኝ፤ ግን በአጠገቤ ያሉትም ወንበሮች አብረው ተለቀቁ። አስተናጋጁ ሳላዝዘው ሻዬን በዝንጅብል አድርጎ አመጣ፤ «ለራስ ጥሩ ነው ጋሼ» አለኝ። አንድ ወዳጄ ጠበል ቦታ ነገረኝ። ሌላው የሶር ፏፏቴ አካባቢ ሥር የሚቀጠቅጥ ሰው እንዳለ ነገረኝ። ስለ ልጄ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም።

በቃ፤ ዘዴ ይብቃ አልኩ። አሁን የሚቀረው አንድ ነገር ነው። እነሱ የማይመጡ ከሆነ እኔ እሄዳለሁ። ሽማግሌ ወደ ሴት አባት እንደሚሄድ፣ የሴት አባትም ወደ ሽማግሌ ይሂድ፤ ደጁ ላይ ቆሞ «ልጄን ተቀበሉኝ» ይበል። እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም፤ ጥሬ ቡናም ተለቅሞ አያውቅም ነበር። ሽምግልና ሦስት ሰው ይፈልጋል፤ እኔ ግን ማንንም አልለመንኩም። የሦስት ሰው ጥፋት ይዤ ስለምሄድ ይበቃል አልኩ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ፣ አስናቀች ሳትነሣ፣ ጋቢዬን ደርቤ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሁሩሙ ገባሁ። የዲንቃ ደጅ ላይ ቆምኩ። ዝናቡ ከላይ፣ ጭቃው ከታች። የዲንቃ ባለቤት ወጣች፤ አይታኝ አታውቅም።

«ይግቡ አባቴ፤ ይቀመጡ።»

«ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም!» አልኩ በግርማ። «ኦቦ ዲንቃን ፈልጌ ነው።»

«ወይ ጉድ! እሱማ ሳይነጋ ወጣ። መቱ በሽተኛ ሊጠይቅ ሄደ።»

«ማን ታሞ?»

«የሌሊሴ አባት የሚሉት ሰውዬ ነው። ቡና ጥሬውን ለቀመ አሉ። ምስኪን!»

«ብሶበታል?» አልኩ።

ራሷን ነቀነቀች። «አይተርፍም ነው የሚሉት።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አዘንኩለት። ከዚያ ነቃሁና ወደ መናኸሪያው ሮጥኩ። ሚኒባሱ ግማሹ ባዶ ነው። «ሳይሞላ አንሄድም» አለኝ ሾፌሩ። ትኬት ቆራጭ ለነበረ ሰው እንዲህ ይሉታል! እኔው ራሴ በሩ ላይ ተንጠላጥዬ «መቱ! መቱ! የቀረው አንድ ሰው ነው!» እያልኩ መጣራት ጀመርኩ። የቀረው ስድስት ሰው ነበር። ጋቢ የለበሰ ሽበታም ሲጣራ ያየ ሁሉ ገባ፤ ወይ አክብሮኝ፣ ወይ ፈርቶኝ። ሞላ፤ ሄድን።

ቤቴ ስደርስ ሦስቱ ሽማግሌዎች ሳሎን ውስጥ ናቸው። ተቀምጠዋል! ልብ በሉ፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመጥም፤ በሽተኛ ጠያቂ ግን ይቀመጣል። ፊታቸው ማር የፈሰሰበት ትኩስ ጨጨብሳ ቀርቧል፤ ማሩን ዲንቃ ለበሽተኛው ብሎ ነው ያመጣው። አስናቀች በር ላይ ስታየኝ ዓይኗ ፈጠጠ። «መድኃኒት ፍለጋ ወጥቷል» ብላቸው ኖሯል።

«በሽተኛው ቆሞ ይሄዳል እንዴ?» አለ ሙደሲር።

«አልታመምኩም» አልኩ ውኃ እያንጠባጠብኩ። «ሁሩሙ ሄጄ ነው።»

ተያዩ። «ብሶበታል» አለ ሙደሲር፣ ለዲንቃ ቀስ ብሎ። ከዚያ ሦስቱም ተረባርበው እርጥቡን ጋቢ ገፈፉኝና አልጋው ላይ አስተኙኝ። ጎበና እስከ አገጬ ድረስ ብርድ ልብስ አለበሰኝ። ቤቴ ውስጥ በገዛ አልጋዬ ላይ ተያዝኩ።

ዲንቃ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ነው ዓይኑን ያየሁት፤ ዓይኑ ውስጥ ሳቅ አለ። ጥሬ ቡና የለቀመ ሰው ምን እንዳስጨነቀው የገባው አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው።

«አባ ሌሊሴ፣» አለ፣ እያንዳንዱን ቃል እያንጠባጠበ፣ «ለሽምግልና አልመጣንም። የሽምግልናው ቀጠሮ ቡና ከተለቀመ በኋላ ነው፤ እሱን አልነካንም። በሽተኛ ልንጠይቅ ነው የመጣን። ግን በሽተኛ ሰው በልቡ ያለውን ቢናገር ይቀለዋል። የሚናዘዙት ነገር ካለ፣ ይኸው፣ ሦስት ሰው ተቀምጠን እየሰማን ነው።»

የጓዳው መጋረጃ ተንቀሳቀሰ። ከበስተኋላው ሌሊሴ እንደቆመች አውቄያለሁ፤ ጫማዋ ከሥር ይታያል። አንደኛው ጫማ በሌላኛው ላይ ቆሟል፤ ልጅ ሆና ስትፈራ እንደዚያ ነበር የምትቆመው።

ተነሥቼ ተቀመጥኩ። መናገር ነበረብኝ፤ ደግሞም የተዘጋጀ ንግግር አለኝ!

«ወንድሞቼ፣» አልኩ፣ «ሰው ይወለዳል፤ ያድጋል።»

«እውነት ነው» አለ ሙደሲር።

«እኔም ተወልጄ አደግኩ። መናኸሪያ ገባሁ። በዚያን ጊዜ አውቶቡስ እንደ ዛሬው አልነበረም...»

ስለ አውቶቡሶቹ ተናገርኩ። ስለ ድሮው የጎሬ መንገድ ተናገርኩ። አስናቀችን እንዴት እንዳገባኋት ተናገርኩ፤ እሷ «አሳጥረው» የሚል ሳል ሳለች። ሰዎቹ ሲያዳምጡኝ ደስ አለኝ፤ አልጋ ላይ ሆኖ መናገር ደግሞ እንዴት ይመቻል! ቀስ በቀስ ወደ ልጄ ደረስኩ።

«እንግዲህ ልጄን በተመለከተ፣» አልኩ፣ «ያለችኝ እሷ ናት። ልጁም ጨዋ ነው፤ አልደብቃችሁም። ነገር ግን፣ መልካም ነገር ደግሞ ጊዜውን...»

ለምን «ነገር ግን» እንዳልኩ ዛሬም አላውቅም። ልል የፈለግኩት «ጊዜውን ጠብቆ ደርሷል» ነበር ብዬ እምላለሁ። አስናቀች ግን አታምንም። ሠላሳ ዓመት አብራኝ ስለኖረች «ነገር ግን» ካልኩ በኋላ ምን እንደሚመጣ ታውቃለች። ከጨጨብሳው አንድ ትልቅ፣ ማር የተንጠባጠበበት ጉርሻ ጠቅልላ በሁለት እርምጃ አልጋው ጋ ደረሰችና የተከፈተው አፌ ውስጥ ሰተት አደረገችው።

ማር ያለበት ጨጨብሳ አፍን እንዴት እንደሚይዝ ታውቃላችሁ። መናገር የለም። መተንፈስም በአፍንጫ ነው። ልውጠው ስታገል ራሴ ወደ ላይና ወደ ታች ሄደ፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ።

«ነቀነቀ!» አለ አቶ ጎበና።

ሁላችንም ዞረን አየነው። ድምፁን የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ወፍራም ድምፅ ነው።

«ፈቀዱ!» አለ ዲንቃና ከወንበሩ ተነሣ። «በሽተኛው ፈቅደዋል! እናመሰግናለን! ኢብሳን ጥሩት!»

እልልታው ከመጋረጃው ጀርባ ነው የወጣው። ለራሷ እልል ያለች ሙሽራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ብርድ ልብሱን ገፍፌ ልነሣ ስል ሌሊሴ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ጉንጬን ስትስመኝ ማሩ ጉንጯን ነካው። «አባዬ» ብቻ ነው ያለችኝ። እኔ ደግሞ አፌ ሞልቶ ምን ልመልስላት? ጀርባዋን መታ መታ አደረግኩ።

ከልብ የሆነ ምርቃት ተመረቀ። ሙደሲር በራሱ ወግ መረቀ፣ ዲንቃ በኦሮምኛ መረቀ፣ ጎበና ጺሙን ይዞ «አሜን» አለ፤ ለአንድ ቀን ብዙ ተናገረ። ቀለበቱ መጪው እሑድ፣ ሠርጉ ጥር ላይ እንዲሆን ተቆረጠ። ያን ሁሉ ሲቆርጡ እኔ ገና እያላመጥኩ ነበር።

በመጨረሻ ዋጥኩት። ጉሮሮዬን ጠረግኩና፣ አባት ነኝ እኮ፣ ማወቅ አለብኝ ብዬ፣ «እሑድ ትንሽ አልፈጠነም?» ልል አፌን ከፈትኩ።

አስናቀች ሁለተኛውን ጉርሻ ጠቅልላ ቆማ ነበር።